የጉለሌው ላቦራቶሪና የነጋዴው ሚዛን

ከአዲሱ ገበያ ወደ መርካቶ የሚመላለስ ነጋዴ በጉለሌ «ፓስተር» የሚባለውን ሠፈር ዘወትር ያልፈዋል። የታክሲው ረዳት «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ሲጣራ ወራጁ ይወርዳል፤ ተሳፋሪውም ይገባል፤ ነገር ግን ስሙ የማን እንደ ሆነ፣ ከአጥሩም ወዲያ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ፓስተር የአንድ ፈረንሳዊ ሊቅ ስም ነው። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ያበደ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትበው ከሞት አፋፍ የመለሱ ሰው ናቸው። በአገራችንም በ1940ዎቹ ዓ.ም. በስማቸው የተጠራ የምርምር ተቋም በጉለሌ ሥራውን ያዘ። የተቋሙ ስም ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ሠፈሩ ግን የፈረንሳዊውን ስም እንደ ያዘ ቀርቷል።

ነጋዴው ወገን ስለዚህ ግቢ ያለው አስተያየት በአጭሩ ሲነገር «እርሱ የሐኪሞች ጉዳይ ነው» የሚል ነው። ከቤተ ሰቡ አንዱን ውሻ ካልነከሰበት በቀር ወደ በሩ አይቀርብም። ይህ አስተያየት በሕግም በይሉኝታም የሚያስወቅስ አይደለም፤ በሒሳብ በኩል ግን ስሕተት ነው። ወደ 140 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ንግድ ላይ ከደረሱት ታላላቅ ኪሳራዎች መካከል ብዙዎቹ የመጡት በዓይን በማይታየው በቫይረስ ነው። ኪሳራውንም ያከበደው የቫይረሱ ኀይል ብቻ ሳይሆን፣ የደረሰውን ነገር ምንነት በጊዜው ለይቶ የሚነግር ሰው መጥፋቱ ነበር።

ለመሆኑ ቫይረስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ከባክቴሪያ ጋር እየቀላቀለ «ተሐዋሲ» ይለዋል። ባክቴሪያ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ራሱን ችሎ የሚመገብና የሚራባ ነው። ቫይረስ ግን አይመገብም፤ አይተነፍስም፤ ለብቻውም ሆኖ አይራባም። በንግድ ቤት ምሳሌ ቢነገር፣ ቫይረስ በአንድ ፋብሪካ መዝገብ መካከል ሾልኮ የገባ ሐሰተኛ የሥራ ማዘዣ ነው። ፋብሪካው የሰው፣ የከብት ወይም የተክል ሕዋስ ነው። ሠራተኛው ማኅተሙን ሳይመረምር ማዘዣውን ተቀብሎ ሥራውን ይጀምራል፤ የሚያመርተውም የፋብሪካውን ዕቃ ሳይሆን ያንኑ ሐሰተኛ ማዘዣ ነው። እንዲህ እያባዛ ሲሠራ ውሎ በመጨረሻ ፋብሪካው ይፈርሳል፤ ቅጂዎቹም በጎረቤት ባሉት ፋብሪካዎች ሁሉ ይበተናሉ። መጠኑንም ለመገመት ያህል፣ 10,000 የኮሮና ቫይረሶች ጎን ለጎን ቢሰለፉ የሚሞሉት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንደ ፔኒሲሊን ያለው መድኃኒት የባክቴሪያን ግድግዳ እንዳይጸና በማድረግ ይገድለዋል፤ ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። ስለዚህ ለጉንፋን ብሎ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ ነጋዴ ሆኖ እንዲህ ያለ ግዢ መፈጸም ደግሞ ያሳፍራል።

የዚህ ትምህርት አመጣጥም ቢሆን ከገበያ የራቀ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጥለያ አጠለለው፤ የጠለለውም ጭማቂ ጤነኛውን ቅጠል መልሶ አሳመመ። በ1898 ሆላንዳዊው ባይየሪንክ ይኸንኑ ደግሞ ሠርቶ፣ ነገሩ ከባክቴሪያ የተለየ መሆኑን ተረድቶ «ቫይረስ» አለው። በዚያው ዓመት ሁለት ጀርመናውያን «አፍተግር» የሚባለው የከብት በሽታ ከዚሁ ወገን መሆኑን አሳዩ። እንግዲህ መጀመሪያ የታወቁት ሁለቱ ቫይረሶች አንዱ ትምባሆ፣ ሌላው የቁም ከብት የሚያጠፉ ነበሩ። ሁለቱም የንግድ ዕቃዎች ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የመጀመሪያው ሒሳብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው «ክፉ ቀን» ነው። በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በገባ ከብት የመጣው፣ «ደስታ» እየተባለ የሚጠራው የከብት በሽታ፣ ከአሥር ከብት ዘጠኝ ያህሉን ፈጀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ከብቱን ተከትሎ ሰው በራብ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ይነገራል። በሬ በሌለበት እርሻ የለም፤ እርሻም በሌለበት ገበያ አይቆምም። በዚያን ጊዜ ግን ከብቱን የፈጀው ምን እንደ ሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ደስታ በቫይረስ የሚመጣ መሆኑ በቁስጥንጥንያ በተደረገ ምርመራ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ነው። የኅዳሩም በሽታ ነገር እንደዚሁ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው መሞቱ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ከዚያ የተነሣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ከተማውም ይታጠናል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የተገኘው ግን በሽታው ካለፈ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ለእነዚህ ሁለት መቅሠፍቶች አባቶቻችንን በአለማወቅ መውቀስ ግፍ ይሆናል፤ ዓለምም አላወቀምና።

ወቀሳ የሚጀምረው ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላ ነው። ለዚህም ከሁሉ የበለጠ ምስክር የሚሆነው ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በአካባቢው የነበረው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ነው። ስሙ «ወባ» ይባል እንጂ ከተራው ወባ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚያመሳስላቸው ሁለቱንም ትንኝ ማስተላለፏ ብቻ ነው። ቢጫ ወባ ቫይረስ ነው፤ ጉበትን እየጎዳ የበሽተኛውን ዓይንና ቆዳ ቢጫ ያደርጋል። የሞተው ሰው ብዛት እስከ 30,000 ተገምቷል። ተገምቷል እንጂ ተቆጥሯል አይባልም፤ መንገድ በሌለበት አገር የሞተውን ሁሉ የመዘገበ አልነበረምና። በመዝገብ ያልሰፈረ ኪሳራ እንዳልደረሰ ሆኖ መቆጠሩን የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ያን ጊዜ ከጉለሌው የፓስተር ተቋም ዶክተር ሴሪዬና ባልደረቦቻቸው ወደ ስፍራው ወርደው ከሰውም ከዝንጀሮም ደም ቀዱ፤ ትንኝም እየለቀሙ መረመሩ። ያገኙት ነገር በጓሮው እንሰት የሚተክል ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ቫይረሱን ከዱር ወደ ሰው ቤት የምታቀርበው ትንኝ የምትራባው በረግረግና በኩሬ አልነበረም። የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል፤ ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው በዚያች ጥቂት ውሃ ነው። ይኸውም ማለት ገበሬው ለጎጆው ጥላ፣ ለልጆቹም ምግብ ብሎ በደጁ የተከለው ተክል ባላወቀው መንገድ የበሽታው ማደሪያ ሆኖ ነበር። ጥናታቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ታትሞ ለዓለም ሊቃውንት ደርሷል። እንሰትን ግን ማንም በአዋጅ ሊያስነቅለው አይችልም፤ የሚሊዮኖች እንጀራ ነውና። መፍትሔው ክትባት ብቻ ነበር።

አሳዛኙም ነገር እዚህ ላይ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ነው፤ የሠሩትም ማክስ ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የኦሞ ሕዝብ ሲያልቅ መድኃኒቱ በዓለም ገበያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። የጎደለው መድኃኒት አይደለም፤ የበሽታውን ስም በመጀመሪያው ወር የሚናገር ላቦራቶሪ በቅርብ አለመኖሩ ነው። ዛሬ ወደ ልዩ ልዩ አገር ለንግድ የሚሄድ ሰው በአውሮፕላን ጣቢያ የሚያሳየው ቢጫ የክትባት ካርድ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ወረቀት ነው። ብዙዎቹ ግን ከፓስፖርታቸው ጋር አጣጥፈው ይይዙታል እንጂ ለምን እንደሚጠየቁት አያስቡትም።

«ይህ ሁሉ ስለ ሰው ጤና ነው፤ ንግድ የት አለ?» የሚል ቢኖር በመስከረም 1993 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው የቫይረስ በሽታ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ተነሣ። ወዲያውም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን የቁም ከብት አገዱ። ከኦጋዴን ተነሥቶ በበርበራ በኩል የሚሻገረው በግና ፍየል ገዢ አጣ፤ ዋጋው ወደቀ፤ አርብቶ አደሩም በከብቱ ሽያጭ የሚገዛውን እህልና ስኳር መግዛት ተሳነው። ባለ ከብቱ «የእኔ መንጋ ጤነኛ ነው» ብሎ ቢምል መሐላውን የሚቀበለው የለም። ገዢ የሚያምነው በላቦራቶሪ የተመረመረ ደም ነው፤ ላቦራቶሪውም እርሱ የሚያምነው ሲሆን ነው። ቡና በኪሎ እንደሚመዘን፣ ወርቅም በማጣሪያ እንደሚፈተን፣ ከብትም በቫይረስ ምርመራ ይመዘናል። የራሱ ሚዛን የሌለው ነጋዴ ዕቃውን ይዞ የሚቆመው በገዢው ሚዛን ፊት ነው፤ የገዢ ሚዛን ወዴት እንደሚያጋድል ደግሞ ለመርካቶ ሰው መንገር አያስፈልግም።

በሚዛን ባለቤትነትና በሚዛን ተበዳሪነት መካከል ያለውን ልዩነት የ2012 ዓ.ም. ወራት ለሁሉ አሳይተዋል። በጥር ወር በኮሮና የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ውጤቱ ይጠበቅ ነበር። ወዲያው ግን የጉለሌው ላቦራቶሪ በራሱ መሣሪያና በራሱ ባለሙያ መመርመር ጀመረ፤ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ ሲነገር ውጤቱ የተሰማው ከዚሁ ከከተማችን ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የቻይናው ቢ ጂ አይ ኩባንያ የመመርመሪያ ዕቃ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተመረቀ። ናሙናው በአየር ተጉዞ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የሚዘጋ ሱቅ፣ የሚቆም የሥራ ቀን፣ በኳራንቲን የሚቀመጥ እንግዳ ሁሉ ወጪ ነው። ላቦራቶሪው ይህን ወጪ ከትከሻችን አንሥቷል፤ ምስጋናውን ግን ማን እንዳቀረበለት አልተሰማም።

ይልቁንም በዚያው ሳምንት የተሰማው ሌላ ነገር ነው። ከነጋዴው ወገን አንዳንዶቹ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን፣ የእጅ ማጽጃ አልኮሉን፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርቱን ሳይቀር ደብቀው ዋጋውን አናሩ፤ መንግሥትም ሱቃቸውን አሸገ። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ እንጂ ለኮሮና መድኃኒት አለመሆኑን ሻጩም ገዢውም ቢያውቁ ኖሮ ያ ሁሉ ግፊያ ባልኖረም። ይህን ማንሣት የነጋዴውን ስም ለማጉደፍ አይደለም፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች በዚያው ወራት ከጨርቅ መሸፈኛ ሰፍተው በልክ ዋጋ ሲሸጡ ለታዩትም ሥራቸው ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን አለማወቅ ከስግብግብነት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚወልድ አይተናል።

ዕውቀት ሲቀድም ደግሞ ምን እንደሚገኝ አይተናል። ፈንጣጣ፣ እርሱም ቫይረስ ነው፣ በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ፣ ከዓለምም ጠፋ። አባቶቻችንን በክፉ ቀን የፈጀው ደስታም ዕድሜው አልቋል። በቢሾፍቱ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ክትባቱን ሲያወጣ ኖረ፤ በረዶ ሳይፈልግ ሙቀት የሚችለው ክትባት ከተገኘ በኋላም በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው እየዞሩ ከተቡ። ኢትዮጵያ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በሽታውን አላየችም፤ በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። ከሰው በሽታ ፈንጣጣ፣ ከከብት በሽታ ደስታ፣ ሌላ እስከ ዛሬ ፈጽሞ የጠፋ የለም። ዛሬም ለአፍሪካ ሁሉ የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚመረመርበት የአፍሪካ ኅብረት ተቋም የሚገኘው በዚያው በቢሾፍቱ ነው። እንግዲህ ይህ ሥራ ለፈረንጅ ብቻ የተሰጠ ጥበብ ነው የሚል ሰው ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመልከት።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የማርበርግ ቫይረስ በጂንካ ተገኘ። ጂንካ በደቡብ ኦሞ ነው፤ ያው የኦሞ አገር። ማርበርግ ከያዛቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚገድል ክፉ በሽታ ነው፤ በ1953 የነበረው ዓይነት ዝምታ ቢኖር ወዴት ይደርስ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ናሙናው ለጉለሌው ላቦራቶሪ ቀርቦ የቫይረሱ ስም እዚያው ተለይቶ ታወቀ፤ ወዲያውም ለዓለም ተነገረ። የሞቱት ሰዎች ሐዘን፣ ከመካከላቸውም የጤና ባለሙያዎች መኖራቸው፣ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ከስድሳ አምስት ዓመት በፊት ተገምቶ የቀረው ነገር አሁን በስምና በቁጥር ተመዝግቧል።

እንግዲህ ከነጋዴው ወገን የሚፈለገው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ወጪ የሌለበት ነው፦ መንጋው ሲታመም አለመደበቅ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በከብት ገበያ አይሠራም ብሎ የሚያስብ ደላላ አለ፤ የታመመውን በሬ በሌሊት ወደ ሌላ ገበያ ነድቶ ይሸጠዋል። አንድ በሬ ያተርፋል፤ የአገሪቱን የሥጋ ደንበኛ ያሳጣል። ማኅበራቱ እንዲህ ያለውን አባል በቃል ከመውቀስ አልፈው ከመካከላቸው ሊያወጡት ይገባል።

ሁለተኛው ወጪ አለበት። የቁም ከብት፣ የሥጋና የቆዳ ላኪዎች ከየጭነታቸው ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ ቫይረስን የሚያጠኑ ወጣቶችን ቢያስተምሩ፣ የሚጠቅሙት ራሳቸውን ነው። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በጉለሌ ላቦራቶሪው አለ፤ መማሪያው ቦታ ፍለጋ ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። የናጠጠ ነጋዴ ልጁን ለሒሳብ አያያዝና ለአስመጪነት ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ከአምስት ልጆቹ አንዱን ለዚህ ትምህርት ቢለቅ ሱቁ አይዘጋም።

«ግብር ከፍለናል፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ መንግሥት ከድርሻው ነጻ አይወጣም። ነገር ግን ነጋዴው መንግሥት ፖሊስ አለው ብሎ ለመጋዘኑ ዘበኛ መቅጠሩን አልተወም። «የተማረው ልጅ ውጭ አገር ይቀራል» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ የከበደ ነው፤ ብዙዎች ቀርተዋልና። ለዚህ ደግሞ መፍትሔውን የንግድ ቤቶች ራሳቸው ያውቁታል። ጸሐፊያቸውን ወይም መካኒካቸውን ለትምህርት ሲልኩ ተመልሶ ይህን ያህል ዓመት ሊያገለግል በውል ያስፈርሙታል፤ ዋስም ያስጠሩታል፤ ሲመለስም ደመወዙን ከፊተኛው ያሻሽሉለታል። ይህ የኋለኛው ነጥብ ከተረሳ ውሉ ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ በጉለሌ አምስት ዓመት ሠርቶ ቤት መከራየት ያቃተውን ባለሙያ የያዘው ዋስ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። ላኪዎቹ ማኅበራት በሚቀጥለው ጉባኤያቸው ስለ መዋጮው መጠን ሲነጋገሩ፣ ለተማሪው ከሚከፈለው ገንዘብ አስቀድመው የሚመለሰውን ባለሙያ ደመወዝ በአጀንዳው ቢያስገቡ መልካም ነው።